ሞሮኮ ለትምህርት ልሄድ ነው፤ አገሩንና ሰዉን የምታውቁ አላችሁ?

ሻንጣ_አልበቃኝም፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ስኮላርሺፕ አግኝቼ በመስከረም ራባት ልገባ ነው። ስለ አገሩ የማውቀው ንጉሥ እንዳላቸውና በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ መድረሳቸውን ብቻ ነው። ሦስት ወር አረብኛ ተምሬያለሁ። ይበቃኛል? ሰዉስ እንዴት ነው? የቱሪስት ብሮሹር ላይ ያለውን ሳይሆን ኖራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ከራባት_የተመለሰ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ራባት አራት ዓመት ተምሬያለሁ። አረብኛሽ አይበቃም፤ ግን አትደንግጪ።

አንቺ የተማርሽው ዜና የሚነበብበትን ነው። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ዳሪጃ ነው። አናባቢውን ዋጥ ያደርጉታል፣ ፈረንሳይኛ ይሰነቅሩበታል፣ ከሥሩ ደግሞ አማዚግ፣ ማለትም የነባሮቹ የበርበር ሕዝብ ቋንቋ አለበት። ከሌላ አገር የመጡ አረቦች እንኳ ግራ ይገባቸዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት በተጣራ አረብኛ ዳቦ ስጠይቅ ባለሱቁ ዜና ላነብለት የመጣሁ መስሎት ነው መሰል፣ በሳቅ ሞተ። ኢኮኖሚክስ ወይም ሳይንስ ከሆነ የምትማሪው ክፍል ውስጥ ፈረንሳይኛ ይጠብቅሻል። መሥሪያ ቤት ስትሄጂ ፎርሙም ብዙ ጊዜ በሱ ነው።

ገበያው ደግሞ የራሱ ቋንቋ አለው። አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ አትክልት ሻጭ የቲማቲሙን ዋጋ ስጠይቀው «ሚያት ሪያል» አለኝ። መቶ ማለቱ ስለገባኝ ባለ መቶ ድርሃም ኖት አወጣሁ። ሰውዬው ኖቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ 95 ድርሃም መለሰልኝ። ለካ 20 ሪያል አንድ ድርሃም ነው! ሪያል የሚባል ሳንቲም በኪስሽ አታገኚም፤ በአፍ ብቻ የቀረ ገንዘብ ነው። ያ ሰው ዝም ብሎ ኪሱ ቢከተው ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሕንጻዎች ላይ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ታያለሽ። ክብና መስቀል የበዛበት ትፊናግ ነው፣ የአማዚጎች ፊደል። ቋንቋቸው ከአረብኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ2011ዱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ነው። የዶርም ጓደኛዬ የአትላስ ተራራ ልጅ ነበር። አያቱ ከታማዚግት፣ ከአማዚጎቹ ቋንቋ፣ ሌላ አንድ ቃል አይሰሙም፤ ግን ትፊናግ ማንበብ አይችሉም። እሱ ራሱ ፊደሉን የለየው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ዓይናችንን ስንገልጥ ጀምሮ በፊደላችን ለምናነብ ለእኛ ይሄ ይገርማል።

ፖለቲካ ላይ አጭር ልሁን። ምርጫ አለ፣ ፓርላማ አለ፣ የመንግሥት መሪውን ግን ንጉሡ ካሸነፈው ፓርቲ መርጠው ይሾማሉ። ቀልድም ቢሆን ስለ ንጉሡ አትቀልጂ። ስለ ምዕራብ ሰሃራ ጉዳይም በቃ ዝም ነው። ለእነሱ የአገራቸው ደቡብ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ራሱን እንደቻለ አገር ስለተቀበለው ተቀይመው በ1984 (እ.ኤ.አ.) ከድርጅቱ ወጥተው ወደ አፍሪካ ኅብረት የተመለሱት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ያውም አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ።

ሰዉ? ዓርብ ዓርብ ኩስኩስ ነው። የታችኛዋ ጎረቤታችን አንድ ዓርብ ሳህን ሳትልክልን አላለፈችም። ሳህኑን ባዶውን መመለስ አፍሮን አንድ ጊዜ ቡና ቆልተን ጠራናት። ሽታውን ወደደችው፣ ቡናውን ግን «ስኳሩስ?» አለች። እነሱ «አታይ» የሚሉትን ሻይ ስትቀምሺ ይገባሻል፤ ናናና አረንጓዴ ሻይ ያለበት ስኳር ነው።

ሚሊየነሩ፦
ሪያሉ ላይ ልጨምር። መኪና ወይም ቤት ላይ ደግሞ በሳንቲም ይቆጥራሉ። አሮጌ መኪና «አራት ሚሊዮን» ሲሉሽ 40,000 ድርሃም ማለታቸው ነው። ሌላው፣ ረመዳን ሲገባ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ ሳላውቅ ፈተና አዳራሽ በር ላይ አንድ ሰዓት ቀድሜ ብቻዬን ቆሜያለሁ።

ቀይ_ታክሲ፦
እኔ ካዛብላንካ ነበርኩ። ወንዶቹ የማይነግሩሽን እኔ ልንገርሽ። መንገድ ላይ መለከፍ አለ። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቀጣ ሕግ ወጥቷል፣ ምላሳቸው ግን ገና አልሰማም። ጥቁር በመሆንሽም «ዓዚ» የሚልሽ ይኖራል። ስድብ ነው፤ ሳታውቂው ፈገግ እንዳትይ። በዚያው ቀን ደግሞ የማታውቂያት እናት አውቶቡስ ላይ ቦታ ለቃ ልጄ ትልሻለች። ሁለቱም እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከፈለግሽ ራባት መሃል ነጩ የካቶሊክ ካቴድራል አለ፤ እሁድ ከመላው አፍሪካ በመጡ ተማሪዎች ይሞላል።

ሻንጣ_አልበቃኝም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳሪጃ ዛሬውኑ ልጀምር ነው። አንድ የሞኝ ጥያቄ፦ ባሕር ዳርቻ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ልተወው?

ከራባት_የተመለሰ፦
ኧረ እንዳትተዪው! በጥር ውጪው ሳይሆን ቤቱ ነው የሚበርደው። ማሞቂያ የለም፣ ግድግዳው ይረጥባል። እኔ ካፖርት ለብሼ ነው የተኛሁት። ከቻልሽ ጋቢም ጨምሪበት።