«ቅጠል ሰው አይገድልም» አለ ደግሞ!

ተረኛዋ ነርስ፦ ትናንት ማታ በኤፍኤም የቀረበው የባህል መድኃኒት አዋቂ «ቅጠል ሰው አይገድልም፣ የሚገድለው መጠኑን አለማወቅ ነው» ሲል ጋዜጠኛው «ልክ ነው» ብሎ አለፈው። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ተቀብዬ ነበር። ለጥርሷ የአስተናግር ፍሬ ታጠኚ ቢሏት አኝካዋለች። የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ፣ አፏ ደርቆ፣ ከግድግዳው ጋር ስታወራ አደረች።

የጎጃሙ፦ ታጠኚ ተብላ ካኘከችው ጥፋቱ የማን ነው? መጠኑን አለማወቅ! የሰውየውን ነገር ደገምሽለት እኮ እህቴ።

ተረኛዋ ነርስ፦ የዚህ ማሳ አስተናግርና የዚያኛው መርዙ እኩል አይደለም። ምኑን ትመጥነዋለህ? ስሙ ራሱ ያስተናግራል!

ባለ ሚዛን፦ ቆይ፣ «መጠን» የምትሉት በምን ይለካል? አያቴ ኮሶ ሲያዙ «አንድ እፍኝ» ነበር የሚሉት። የማን እፍኝ? የሳቸው ወይስ የእኔ፣ የ7 ዓመቱ?

የጎጃሙ፦ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ነው አድዋ የዘመቱት።

ተረኛዋ ነርስ፦ ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። የታወሩትን ማን ቆጠራቸው?

ከሜሪላንድ፦ የራሳችሁን ናቁ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የወሰደው በእንዶድ አይደለም?

ባለ ሚዛን፦ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያየው የሞተ ቀንድ አውጣ ነው፣ ያ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው። የተሸለመው ስለሚገድል ነው ጌታዬ! አንተ ለሰው ታጠጣዋለህ።

ከሜሪላንድ፦ አጎቴ ከእብድ ውሻ የዳነው በእንዶድ ሥር ነው።

ተረኛዋ ነርስ፦ ውሻው ማበዱን በምን አወቃችሁ? ቢያብድም የነከሰው ሁሉ አይታመምም። በሽታው ከተነሳ ግን በሥርም በሐኪምም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ለክትባት መሮጥ ነው።

የጎጃሙ፦ ወዴት ነው የሚሮጠው? የኛ ጤና ጣቢያ «አልቋል፣ ከተማ ሂዱ» ነው የሚለው። አዋቂው ጎረቤት ነው፣ በሌሊትም በሩን ይከፍታል።

ተረኛዋ ነርስ፦ በክትባቱ እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። በእንዶዱ ግን እከራከርሃለሁ።

ባለ ሚዛን፦ እፍኙስ? ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞ ለኮሶ እንዲህ ከተቆረቆራችሁ፣ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቡት እነማን ነበሩ?

የጎጃሙ፦ ቴዎድሮስ የቋራ ነው። እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?