የማህተም ቀለም አልደርቅ ስላለኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች፦

የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን፣ መስከረም 1 ለሚውለው እንቁጣጣሽ የሚሆኑ ካርዶችን አደይ አበባ በተቀረጸበት የጎማ ማህተም እያተምኩ እሠራለሁ። ማህተሙ እንከን የለውም፤ በአበባው መካከል ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች እንኳ ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይወጣሉ።

ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው። ለመሥሪያ ቤት ማህተም የሚሸጠው ቀለም ተራ ወረቀት ላይ ወዲያው ቢደርቅም፣ የአደይን ቢጫ አላገኘሁበትም። ከውጭ አገር ያስመጣሁት ቢጫ የፒግመንት ቀለም (ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያለበት) ደግሞ መልኩ እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሲታተም በማግስቱም ጣት ሲነካው ይለቃል። ልስልሱ ወረቀት ቀለሙን ስለማይመጠው እንደሆነ ይገባኛል፤ የከተማችን ሙቀት ይረዳኛል ብዬ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም ወረቀቱ ከመጣመም በቀር ለውጥ አላየሁም። ሕጻናቱ በበዓሉ ማለዳ ካርዱን ከቤት ወደ ቤት ይዘውት የሚዞሩ በመሆኑ፣ ቀለሙ በአዲስ ልብሳቸው ላይ እንዳይቀር በጣም ያሳስበኛል።

ባልደረቀው ቀለም ላይ የሚቀልጥ ዱቄት ነስንሶ በሙቀት ማጣበቅ እንደሚቻል አውቃለሁ። የፀጉር ማድረቂያ ዱቄቱን ስለሚበትነው፣ ወረቀቱን ከጀርባው በካውያ ማሞቅ ይሠራ ይሆን? ዱቄቱንስ በከተማችን በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ወይም በሐረር ከሚገኙ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ያገኘ ሰው አለ? ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ቢጫውን ሳያደበዝዝ የሚመጥ፣ የማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።