ሥጋውና ደሙ ሲቀርብልን ቆመን ማየታችን አክብሮት ነው ወይስ ሽሽት? (ክርክር)

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄያችን በየደብሩ ሁላችንም የምናየው ነገር ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ሥጋውና ደሙ ሲሰጥ ግን በአብዛኛው የሚቀርቡት ሕፃናት፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ወጣቱና ጎልማሳው ቆሞ ያያል። ይህ ለማይመረመረው አምላክ የሚገባ ፍርሃት ነው ወይስ ወደ እኛ ከቀረበው አምላክ መሸሽ?

አንድ ካህን፦ እኔ ሽሽት አልለውም። ሙሴ የሚነደውን ቁጥቋጦ ሊያይ ሲጠጋ ስሙ ተጠርቶ የሰማው «ወደዚህ አትቅረብ፤ ጫማህን አውልቅ» የሚል ቃል ነው። በቅዳሴያችንም ካህኑ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ያልሆነ ሰው በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ለዜማ ማድመቂያ የተቀመጠ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ፍርዱን እንደሚበላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ዐሥራ ስምንት ሰዓት ጾሞ፣ ለንስሐ አባቱ ተናዞ፣ ቂሙን ትቶ ያልተዘጋጀ ሰው ከሚደፍር ይልቅ ከዓምዱ ሥር ቆሞ «አይገባኝም» እያለ የሚያለቅሰው ይሻላል ባይ ነኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦ አባታችን ይፍቱኝ፤ እኔ ያ ከዓምዱ ሥር የሚቆመው ሰው ነኝ። ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቶቹን በሰማንያ ቀናቸው አስጠምቄ አስቆርቤአለሁ፤ ዛሬም ትንሿን አቅፌ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በማንኪያው፣ ሲያቀብሏት አፏን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ። በዚያች ቅጽበት ጽዋው ከአፌ ከአንድ ስንዝር አይርቅም። ከዚያ ጠበሏን አጠጥቻት ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። የተጋባነው በሰማንያ ውል እንጂ በቁርባን አይደለም፤ ባለቤቴም «ከቆረቡ ወዲያ ዓለም የለም» ብሎ ያምናል፤ እናቴም ያሳደገችኝ ቆራቢ ማለት ከሰው ወገን የተለየ ነው እያለች ነው። ይህን አክብሮት ብዬ ለዓመታት ተጽናንቼበታለሁ፤ አሁን አሁን ግን ያቀፍኳት ልጅ ስለ ቀረበች እኔ የቀረብኩ እየመሰለኝ እንዳልሆነ እጠራጠራለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ፦ መምህር፣ የጠቀሱትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከማስጠንቀቂያው በኋላ ያለውንም እንይ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን»፣ ቅዱሱ ነገር ለቅዱሳን ነው፣ ሲል እኛ ምን ብለን ነው የምንመልሰው? «እኛ ቅዱሳን ነን» አንልም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ነው የምንለው። ከመላው ጉባኤ ለራሱ ቅድስና የሚመሰክር አንድም ሰው የለም፤ ሆኖም ቅዳሴው እዚያ ላይ አያበቃም፤ ማዕዱ ይሰጣል። ኢሳይያስም በመቅደስ ጌታን ባየ ጊዜ «ወዮልኝ፣ ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝ» ሲል ከሱራፌል አንዱ ነጽተህ ተመለስ አላለውም፤ ከመሠዊያው በጉጠት ፍሕም ይዞ ወደ እርሱ በረረ። ከንፈሩን የነካው ያ እሳት በደሉን አስወገደ እንጂ አላቃጠለውም።

ይህ የመቆም ልማድ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። ከቤተ ክርስቲያናችን ዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ አፈወርቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ386 በአንጾኪያ፣ የእግዚአብሔርን ባሕርይ መርምረን ደርሰንበታል የሚሉትን ሲቃወም እግዚአብሔር ለመላእክት እንኳ የማይመረመር መሆኑን ተከታታይ ስብከት ሰብኮበታል። ያው ሰው ነው በሌላ ስብከቱ፣ በመሠዊያው ፊት በከንቱ እንቆማለን፣ የሚቀበል የለም ብሎ ቆመው የሚያዩትን የገሠጻቸው። ማንም ሊመረምረው አይችልም ባለበት አንደበቱ ቅረቡ ብሏል፤ ሁለቱ አልተጋጩበትም።

አንድ ካህን፦ ቆራቢን ልዩ ወገን ማድረጉ ልማድ እንጂ ትምህርት አለመሆኑን እቀበላለሁ። የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ ሰው የሚደጋግመውን ነገር ይለምዳል፤ የለመደውን ደግሞ ያቃልላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ፦ እርስዎና አብረውዎት የሚቀድሱት በየቅዳሴው ይቆርባሉ፤ በመደጋገም ፍርሃት የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ መቅደስ ውስጥ ይጠፋ ነበር።

አንድ ካህን፦ ጥያቄህ ከበድ ይላል፤ በእውነት ልመልስልህ። በመጀመሪያው ዓመት ሥጋው የሚቀመጥበትን ጻሕል ሳነሣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ምንም ሳይሰማኝ ቀድሼ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። ያን ጊዜ ያነቃኝ ከመቅደስ መራቅ አልነበረም። ሁልጊዜ የምትቆርብ አንዲት አሮጊት፣ ምርኩዟን ለልጅ ልጇ አስይዛ ወደ እኔ ስትቀርብ እንደ መጀመሪያ ቀን ስትንቀጠቀጥ አየኋትና በራሴ አፈርኩ። ስለዚህ መደጋገም ያቃልላል ያልኩትን ስለ እኔ እንጂ ስለ እርሷ መናገር አልችልም። ያለ ዝግጅት መቅረብን ግን አሁንም እቃወማለሁ። እኅታችን፣ በሰማንያ የተጋባ ሰው በንስሐ ቀርቦ ጋብቻውን በቁርባን ሊያጸና ይችላል፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂጂ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እስካሁን የተጻፈውን ክርክር እንዲያየው ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበው። ስለ ክርክሩ ምንም አላለም፤ የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ብቻ ጠየቀኝ።