ለአድዋ ጨዋታ ጣልያን የሚሆን ሰው ጠፋ

ታቦር ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። አንድ አዳራሽ ውስጥ በትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚገናኝበት ቀን ተዘጋጅቷል። ቴምብር ሰብሳቢው አለ፣ ቼዝ ተጫዋቹ አለ፣ አውሮፕላን በእንጨት የሚሠራው አለ። ለእኔ አሮጌ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ደረሰኝ። የአድዋን ጦርነት በትንንሽ ወታደሮች ላጫውት ነው።

ወታደሮቹን ከካርቶን ቆርጬ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። መቆሚያቸው ቆርኪ ነው። ውስጡን ጄሶ ስለሞላሁት የሐይቁ ንፋስ አይጥላቸውም። ተራሮቹ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ናቸው።

ችግሩ ሰው ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ስንሞክረው ጣልያን ልሁን የሚል ጠፋ። በዕጣ የደረሰው ልጅ ገና ሳይጀመር መድፎቹን በሙሉ ለራስ አሉላ አስረከበ! በዚያ ላይ ሕጉን አስረድቼ ሳልጨርስ ግማሹ ይሄዳል። አጫውቶ የሚያውቅ ካለ ይምከረኝ።

ቡና ጠጪው፦
አንተው ጣልያን ሁንላቸዋ! ይኼ ምን ያስጨንቃል።

የአዳማው፦
እሱማ አይሆንም። አጫዋቹ ከተጫወተ ማን ሊዳኝ ነው? ፕሩሲያዎች እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖቻቸው ማሠልጠኛ ባደረጉት የጦርነት ጨዋታ እንኳ መሐል ላይ ዳኛ ነበር። አንተ ዳኛ ሁን።

ደግሞ ጦርነቱን ሙሉውን አታምጣው። አንድ ቆርኪ 200 ሰው ነው ብትል፣ ለጣልያን 17,700 ሰው 90 ያህል ቆርኪ ይበቃል። ለእኛ 100,000 ሰው ግን 500 ልትቀባ ነው። የሐዋሳ ግሮሰሪ ሁሉ ቆርኪ ቢሰበስብልህም ዓይንህ ይጠፋል። ከጣልያኖቹ የጄኔራል አልበርቶኔን ብርጌድ ብቻ ውሰድ። ወደ 4,000 ሰው ነው፤ 20 ቆርኪ። የወደቀውን የኛን ወታደር ደግሞ አንስተህ ከጠረጴዛው ጠርዝ እንደ አዲስ ጦር አስገባው። ያን ቀንም ከኋላ እየደረሰ የሚገባው ብዙ ነበር።

አሁን ወደ ጣልያኑ። ጣልያን መሆን የሚያስጠላው መሸነፉ ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ የሚያሸንፍበትን ለይለት። 56ቱም መድፎቻቸው ተማርከዋል። የአንተ ጣልያን ሁለት መድፍ ከጠረጴዛው ካወጣ ከዋና አዛዣቸው ከባራቴሪ በልጧል፣ አሸናፊ ነው በለው። ያኔ ሰው ይሻማበታል፣ እመነኝ።

አንዱ አልበርቶኔን፣ ሌላው ደግሞ ቆርኪ ባይኖረውም ሌላውን የጣልያን ጄኔራል አሪሞንዲን ይሁን። እንዳይነጋገሩ! በብጣሽ ወረቀት ይጻጻፉ፤ አንተ ወረቀቱን አንድ ዙር አዘግይተህ ስጥ። ያኔ የጣልያኖቹ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ሌላ፣ የአገሬው ሰው የሚያውቀው ሌላ ነበር። አልበርቶኔ ወደ ፊት ርቆ ብቻውን የቀረው በዚህ ነው። ልጆቹ "የት ነህ?" እያሉ ሲጻጻፉ ተመልካቹ ይስቃል እንጂ አይሄድም።

ሕግ አታስረዳ። "ወርውር፣ አምስትና ስድስት መታ" በልና ጀምር። የቀረውን እየተጫወተ ይማራል።

ሉዶ ንጉሥ፦
ወርዱን አስበኸዋል? የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ 1.52 ሜትር ነው። የልጅ እጅ መሐሉ ላይ አይደርስም፤ ሲንጠራራ ተራራውን በደረቱ ይንደዋል። ከርዝመቱ ግማሹን ብቻ ተጠቀምና ውጊያውን ወደ ጠርዙ አስጠጋው። በቀሪው ግማሽ ላይ ቀለምና ባዶ ካርቶን አስቀምጥ፤ ተራ የሚጠብቀው ይቀባል።

ታቦር ሥር፦
ተባረኩ! የወረቀቱን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። ታናሽ እህቴ እቴጌ ጣይቱን ካልሆንኩ ብላ አስቸግራለች። ጨዋታው ላይ ምን ትሥራ?

የአዳማው፦
ውሃ ታድል። እቴጌ ለተዋጊው ውሃ ያስቀርቡ ነበር። በየዙሩ አንዲት እንስራ ለመረጠችው ጦር ትስጥ፤ የደረሰው ጦር ዳይሱን ድጋሚ ይወርውር። ራሶቹ ሁሉ ሲለማመጧት ታያለህ። እንስራዎቹን ከጄሶ ሥራቸው፣ ትርፍም ይኑርህ። ልጆች ኪሳቸው ይከቱታል።