«ሴራው የታለ?» ተባልኩ፣ ታሪኩ ውስጥ ግን ማንም አላሴረም! ዛሬ ማታ ነው የማስገባው

ጨነቀኝ፦
ሰዎች ቶሎ እርዱኝ፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው የተሰጠኝ። የአጭር ልብወለድ ትንተና ሠርቼ ነበር፣ ተመለሰልኝ። ከላይ በቀይ «ይሄ ታሪኩ ነው፣ ሴራው የታለ?» ይላል። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ማንም በማንም ላይ አላሴረም! ከየት ላምጣው? መቼት (ጊዜና ቦታው) እና ገጸ ባህርያት ላይ ራይት አግኝቻለሁ። ጭብጥ ላይ «ቂም» ብዬ ግማሽ ነው የተሰጠኝ። ዘይቤዎቹንም አምታትቻለሁ መሰለኝ።

ኮማ፦
የትኛው ልብወለድ? ጠንቋይ ነን እንዴ?

መምህር ነበርኩ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ረጋ በይ። አጭር ልብወለድ ገጹ ስላነሰ ብቻ አይደለም እንዲያ የሚባለው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሂስ፣ በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቅ መሆን አለበት፣ እያንዳንዱ ቃልም አስቀድሞ ለታሰበ አንድ ስሜት ይሥራ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የታሪክን አካሄድ ለማሳየት ሰሌዳ ላይ የሚሳለው ያ ተራራ ደግሞ፣ መግቢያው፣ ሽቅቡ፣ ጡዘቱ (ነገሩ የሚከርበት ጫፍ)፣ ቁልቁለቱ፣ መጨረሻው፣ የመጣው ከጀርመናዊው ጉስታፍ ፍራይታግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1863። እሱ ግን የጻፈው ስለ ተውኔት ነበር። አጭር ልብወለድ ውስጥ አምስቱንም ካላገኘሁ ብሎ መጨነቅ ልክ አይደለም። አንዳንዱ ጡዘቱ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ሌላው ደግሞ

ቅመም፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷ እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው ያላት ሃሃሃ

ጨነቀኝ፦
ውይ ታሪኩን ረሳሁት። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ። ተኮራርፈዋል፣ ዓመታት ሆኗቸዋል። ታናሽየዋ ማታ ማታ የታላቋን ሳል ትሰማለች፣ እንቅልፍ ነሳችኝ እያለች ታማርራለች። አንድ ማታ ሳሉ ጠፋ። ታናሽየዋ እንቅልፍ እምቢ አላት። ተነስታ ግድግዳውን አንኳኳች። አለቀ!! መጨረሻ እንኳ የለውም፣ ጸሐፊው ሰነፍ ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
«እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ «እንደ» ከሌለ ተለዋጭ ዘይቤ። አለቀ።

ኮማ፦
ጸሐፊው ሰነፍ አይደለም፣ አንቺ ነሽ የቸኮልሽው። ታሪኩን የምናየው ከማን አንጻር ነው? ሦስተኛ መደብ ነው፣ ግን ሁሉን አወቅ አይደለም። ከታናሽየዋ ጎን ንቅንቅ አይልም። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን አታይም፣ ስለዚህ እኛም አናይም። ተራኪው ወዲያ ማዶ ገብቶ ቢያሳየን ልብ ሰቀላው እዚያው ይሞት ነበር። «መጨረሻ የለውም» የሚለውን ሰርዢና ይሄንን ጻፊ። ነጥብ ያስገኝልሻል።

ቅመም፦
ሴራውን እኔ ልንገርሽ፣ ጸሐፊው በአንባቢው ላይ ያሴረው ነው ሃሃሃ። የምሬን ግን። አንቺ የጻፍሽው «ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ» እያለ ነው የሚሄደው አይደል? እሱ ታሪክ ነው። ሴራ እንዲሆንልሽ «ከዚያ»ን እያጠፋሽ «ስለዚህ» ወይ «ግን» አስገቢበት። ስለተኮራረፉ አይነጋገሩም። ስለማይነጋገሩ የቀራቸው መገናኛ ሳሉ ብቻ ነው። ግን ሳሉ ጠፋ። ስለዚህ ታናሽየዋ መምረጥ ግድ ሆነባት፣ ወይ ኩርፊያዋን ወይ እህቷን። ምርጫው ያለው ማንኳኳቱ ላይ ነው። ጡዘትሽ እሱ ነው በቃ።

ኮማ፦
ሴራ አትበሉ፣ ትልም ነው የሚባለው። ሴራ ስላላችኋት ነው ልጅቷ ወንጀለኛ ስትፈልግ የዋለችው።

መምህር ነበርኩ፦
ሁለቱም ይባላል። ትልም የእርሻ ቃል ነው፣ ማረሻው ያወጣው ፈር። እኔም እወደዋለሁ። ግን መምህሯ በቀይ የጻፈላት «ሴራ» ነው፣ የጠየቀበትን ቃል ይዛ ትመልስ።

ጨነቀኝ፦
እሺ ሴራው ገባኝ መሰለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጭብጡስ? ዘይቤዎቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ «ሳሏ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል»፣ «ያ ሳል የሌሊቷ ሰዓት ነበር»፣ «ግድግዳው አኮረፋት»።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
አልኩሽ እኮ፣ «እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ነው።

መምህር ነበርኩ፦
ወዳጄ፣ «እንደነገረችኝ መጣሁ» ውስጥም «እንደ» አለ፣ ምን ከምን ተነጻጸረ? «እንደ»ን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መመሳሰላቸውን እዪ። ሳልና በር ተመሳስለዋል፣ የመጀመሪያው ተነጻጻሪ ነው። ሁለተኛው ሳሉን በቀጥታ ሰዓት አድርጎታል፣ ተለዋጭ። ሦስተኛው ሰውኛ፣ ግድግዳ አያኮርፍማ። ጭብጥን በአንድ ቃል አትጻፊ። «ቂም» ርዕሰ ጉዳይ ነው። ታሪኩ ስለ ቂም ምን አለ? ለምሳሌ፣ የተኮራረፉ ሰዎችም ሳያውቁት እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ወደ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ ጭብጥ አልሆነም።

ቅመም፦
ምፀቱን ማንም አልነገራትም እንዴ? እንቅልፍ ነሳኝ ያለችው ሳል ሲጠፋ ነው እኮ እንቅልፍ ያጣችው! ለኔ የታሪኩ ምርጥ ቦታ እሱ ነው። ደግሞ መጀመሪያው አካባቢ ሳሉ እየወፈረ መሄዱ ከተጠቀሰ ንግር ብለሽ ያዢው፣ የሚመጣውን ቀድሞ ሹክ ብሎሻል። ካልተጠቀሰ ግን ከራስሽ እንዳትፈጥሪ።

ኮማ፦
ግድግዳውም ትእምርት ነው፣ ከራሱ ያለፈ ትርጉም የተሸከመ ነገር። ግን «ግድግዳው መለያየትን ይወክላል» ብለሽ እንዳትቆሚ፣ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። የለያያቸውም ድምፅ ያሳለፈላቸውም ያው ግድግዳ ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ጨነቀኝ፣ ላክሽው? 4 ሰዓት አለፈ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
እሺ እሷስ ትቅር። ታላቅየዋ ግን ከፈተችላት አልከፈተችላትም?

ቅመም፦
የተንኳኳው በር አይደለም እኮ። ግድግዳ ነው።