«ዝንጉርጉሩ ጥብጣብ»ን ዳግም ማንበብ፦ ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ ምን ይቀራል?

የንባብ ወዳጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአርተር ኮናን ዶይልን «ዝንጉርጉሩ ጥብጣብ» ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰሞኑን እንደገና አነበብሁት። ታሪኩ ስትራንድ በተባለው የለንደን መጽሔት በ1892 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ደራሲው በ1927 ከመርማሪው ሼርሎክ ሆምስ አጫጭር ታሪኮች መካከል የሚበልጡበትን ሲመርጥ በአንደኛነት ያስቀመጠው ይህንኑ ነበር። ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ሔለን ስቶነር የምትባል ሴት በማለዳ ወደ ሆምስ ትመጣለች፤ መንትያ እህቷ ጁሊያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ በሩን ቆልፋ በተኛችበት ክፍል ምክንያቱ ባልታወቀ አደጋ ለሞት በቅታለች። አሁን ሔለንም ልታገባ ስትዘጋጅ፣ እህቷ ትሰማው የነበረውን ፉጨት በሌሊት ሰምታለች። ገዳዩ የእንጀራ አባታቸው ዶክተር ሮይሎት፣ መግደያውም ከሕንድ የመጣ እባብ መሆኑ መጨረሻ ላይ ይገለጣል።

በመጀመሪያው ንባቤ ያስጨነቀኝ ሆምስና ጓደኛው ዋትሰን በጨለማ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ሌሊት ነበር። አሁን የሚሆነውን ስለማውቅ ጭንቀቱ ቀነሰ፤ በምትኩ እባቡ ወተት መጠጣቱና በዶክተሩ ፉጨት ተጠርቶ መመለሱ አላሳምን አለኝ። መፍትሔው በተፈጥሮ ሊሆን በማይችል ነገር ላይ ከቆመ፣ ይህን ታሪክ ምርጥ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ደጋግማችሁ ያነበባችሁት ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። እባብ ወተት የሚቀለብ እንስሳ አይደለም። የውጭ ጆሮ ስለሌለው በይበልጥ የሚያውቀው በመንጋጋው አጥንት በኩል የሚደርሰውን የመሬት ንዝረት ነው፤ በአየር ከሚመጣውም ወፍራሙን ድምፅ በጥቂቱ ይለያል እንጂ ፉጨት ከዚያ እጅግ የቀጠነ ነው። ሆምስ «የረግረግ እፉኝት» ብሎ የሚጠራውና በሕንድ ካሉት ሁሉ ይከፋል የሚለው እባብም በዚህ ስም በሳይንስ አይታወቅም፤ የተነደፈ ሰው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ይሞታል የሚለውም የተጋነነ ነው። ይሁን እንጂ በሌሊት እንዳያፏጭ እየተገሠጸ ላደገ አንባቢ ያ ፉጨት ሳይንስ ሳይጠይቅ ያስፈራል፤ እኔንም ዛሬ ድረስ ያስፈራኛል።

ምዕራፍ፦
ውድ ጠያቂ፣ መፍትሔው የቆመው በእባቡ ላይ ሳይሆን በክፍሉ ላይ ይመስለኛል። ሔለን ታሪኳን ስትጀምር የተናገረችውን እባክዎ መለስ ብለው ይመልከቱ። ጁሊያ በዚያች ሌሊት ወደ ሔለን ክፍል የመጣችው፣ ዶክተሩ የሚያጨሰው የሕንድ ሲጋር ሽታ እጅግ ስላስቸገራት ነበር። በመጀመሪያ ንባብ ይህ ዐረፍተ ነገር እህትማማቾቹ ስለ ፉጨቱ የተነጋገሩበትን አጋጣሚ ከማስረዳት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም፤ አንባቢውም ስለ ፉጨቱ ለመስማት ቸኩሎ ያልፈዋል። ነገር ግን የሲጋር ሽታ ግድግዳ ጥሶ አይገባም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ሆምስም የዶክተሩ ቤት ወዳለበት ወደ ስቶክ ሞራን ከመሄዱ በፊት ቀዳዳውን እንደሚያገኝ ያውቅ እንደነበር በኋላ ለዋትሰን ይነግረዋል። ከዚያ የቀረውን በዐይኑ ያያል፦ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ክፍል የተከፈተ የአየር ማስገቢያ፣ ቢስቡት የማይደውል የደወል ገመድ፣ ከወለሉ ጋር ተቸንክሮ ከገመዱ ሥር ሊነሣ የማይችል አልጋ። ደራሲው አንዱንም አልደበቀንም፤ ሁሉን በፊታችን ዘርግቶ ሳለ ዶክተሩ በግቢው የለቀቃቸው አቦሸማኔና ዝንጀሮ፣ እዚያው የሰፈሩት ጂፕሲዎች የሚባሉ ተንቀሳቃሽ ሰዎችም ዐይናችንን ወደ ሌላ ይወስዱታል። ሆምስ ራሱ በጂፕሲዎቹ ምክንያት መጀመሪያ ከተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ደርሶ እንደነበር ማመኑን በተለይ አከብርለታለሁ። ስለዚህ በእባቡ ፈንታ ሌላ መርዘኛ ፍጥረት ቢተካ እንኳ ማስረጃው አይፈርስም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
በምዕራፍ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ገንዘቡን አንርሳ። ሆምስ ጠዋቱን የሟች እናታቸውን ኑዛዜ ሲመረምር ያሳልፍና በሰማያዊ ወረቀት ላይ አኃዝ ጽፎ ይመለሳል። የእናትየዋ ሀብት ስትሞት በዓመት 1100 ፓውንድ ገደማ ያስገኝ ነበር፤ የእርሻ ምርት ዋጋ በመውደቁ ግን ከ750 የማይበልጥ ሆኗል። እያንዳንዷ ልጅ ስታገባ በዓመት 250 ፓውንድ ይገባታል፤ ሁለቱም ቢያገቡ ለሮይሎት የሚተርፈው 250 ብቻ ነበር። የዋጋው መውደቅ የደራሲው ፈጠራ አይደለም፤ በ1870ዎቹ ከአሜሪካ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የጎረፈው ርካሽ እህል የእንግሊዝን ባለ መሬቶች በእርግጥ ጎድቷቸዋል። በመጀመሪያ ንባቤ ሮይሎት የብረት መቆስቆሻ በእጁ የሚያጣምም ቁጡ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን የማየው ገቢው ሲቀንስ የልጆቹን ጋብቻ እንደ ኪሳራ ያሰበ አሳዳሪ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእባቡ ይልቅ ያስደነግጠኛል። ሆምስ የሔለንን እጅጌ ገልጦ በእጇ አንጓ ላይ የአምስት ጣቶች ምልክት ሲያይ፣ እርሷ አፍራ ለእንጀራ አባቷ ሰበብ የምትፈልግበትን ቦታም ቀስ ብለው ያንብቡት።

የንባብ ወዳጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲጋሩን ዐረፍተ ነገር መለስ ብዬ አነበብሁት፤ እንደተባለው በግልጽ ተቀምጧል። ከገንዘቡ ስሌት ጋር ሳገናኘውም ሌላ ነገር ተገለጠልኝ፦ ሔለን ልታገባ ስትል የመኝታ ክፍሏ ግድግዳ በድንገት ጥገና ተጀምሮበት፣ ወደ ጁሊያ ክፍልና ወደዚያው አልጋ እንድትዛወር ተደርጋለች። ሆምስም ቤቱን ሲመለከት ጥገናው አስፈላጊ እንዳልነበረ ይናገራል፤ እኔ ግን ይህንን የቤት እድሳት ወሬ አድርጌ አልፌው ነበር። ስለ እባቡ ያለኝን ቅሬታ ባልተውም፣ ደራሲው ይህን ታሪክ ማስቀደሙ አሁን ትክክል ሆኖ ይታየኛል።