ለውዜ ባዶ ቅርፊት ሆነብኝ፣ አፈሩም ውሃ አይይዝም፦ ከግራናይት በወጣ አሸዋ ላይ ምን ይሠራል?

የጉርሱሙ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የአባቴን ማሳ ከተረከብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቦታው በባቢሌና በጉርሱም መካከል ነው፤ ተዳፋት ላይ ያለ ሩብ ሄክታር ገደማ መሬት። ከበላዩ ራቁቱን የቆመ ትልቅ ቋጥኝ አለ፣ ዳካታ ሸለቆ ላይ ተደራርበው የቆሙትን ድንጋዮች ያየ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል።

አፈሩ ሻካራ አሸዋ ነው፣ ቀላ ያለ ግራጫ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ ይላል። ዝናብ ሲጥል ወዲያው ይጠጣዋል። በማግስቱ ጫማዬ ሳይቆሽሽ ማሳው ውስጥ እሄዳለሁ። ችግሩ ሦስት ነው። በቆሎው ዝናብ በቆመ በአራተኛው ቀን ቅጠሉን ይጠቀልላል። ዩሪያ አንድ ጊዜ በደንብ ሰጥቼው ነበር፣ ሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ለውዙ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ያማረ ነበር፣ ስነቅለው ግን ከሦስት ቅርፊት አንዱ ባዶ፤ በጣት ሲጫኑት ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ውስጡ ምንም የለም።

አባቴ «መሬቱ ደክሟል» ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ዋልካ በሲኖትራክ አስመጥተህ አልብሰው አለኝ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምን ትላላችሁ?

ሸንተረር

አቦ፣ ዋልካውን አስመጣው! አጎቴ የጓሮ መደቡ ላይ ደፍቶበት ጎመኑ አንድ ሜትር ሆኗል። አሸዋ መቼም አሸዋ ነው።

አፈር ቆፋሪ

ሸንተረር፣ የአጎትህ መደብ ስንት ካሬ ነው? የወንድማችን ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላልብሰው ቢል 250 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን 16 ምልልስ ነው። ተዳፋት ላይ የተደፋ ዋልካ ደግሞ ከታችኛው አሸዋ ጋር እስኪዋሃድ ድረስ አንድ ክረምት ከጣለበት ግማሹ የጎረቤት ነው። ለመደብ እሺ፣ ለማሳ አይሆንም።

አሁን ወደ አፈሩ። የጉርሱሙ ልጅ፣ አባትህን በአክብሮት ልቃወም፦ መሬቱ አልደከመም፣ ሲወለድም እንዲህ ነው። የእናንተ አካባቢ ግራናይት ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል፤ በላዩ የነበረው የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ በሸለቆዎቹ ውስጥ ታጥቦ ሲያልቅ ነው የወጣው። ግራናይት በዋናነት የሦስት ማዕድናት ድብልቅ ነው። ኳርትዝ አይበሰብስም፣ እየተፈለፈለ ሻካራ አሸዋ ይሆናል፤ ጫማህን የሚፍቀው እሱ ነው። ፌልድስፓር ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ሸክላ ይለወጣል፣ ግን ተዳፋት ላይ ሸክላው እንደተፈጠረ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ብልጭ ብልጭ የሚለው ሦስተኛው፣ ሚካ ነው። ስለዚህ አንተ ጋ የቀረው ግርዱ ነው፣ ዱቄቱ ቆላ ወርዷል።

አሸዋ ንጥረ ነገር የሚይዝበት እጅ የለውም። ዩሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለወጣል፣ ናይትሬት ደግሞ ውሃ በሄደበት ይሄዳል። ሁለት ከባድ ዝናብ ቢመታው ከሥር በታች ወርዷል ማለት ነው። ያየኸው የሁለት ሳምንት አረንጓዴ ይኸው ነው።

ተጨማሪ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ አፈሩን በወንፊት ነፍተህ ጠጠሩን አውጣ፣ ግማሽ ጠርሙስ ሙላ፣ ውሃና ቁንጥር ኦሞ ጨምረህ አምስት ደቂቃ በጥብጥና አስቀምጥ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚተኛው አሸዋ ነው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚተኛው ደለል፣ በማግስቱ የምታገኘው ስስ ሽፋን ሸክላ። በማስመሪያ ለካው። ሁለተኛ፣ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍር። ሦስተኛ፣ አፈሩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርግ፣ ይንተክተክ አይንተክተክ ንገረኝ፤ ከተንተከተከ ኖራ አለበት ማለት ነው።

የባቢሌዋ

ልጄ፣ ለውዝ ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ያንን ጧ የሚል ቅርፊት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አሸዋህን አትርገም። ባቢሌ በለውዝ ስሟ የተነሣው በዚሁ አሸዋ ነው። ለውዝ አበባው ከደረቀ በኋላ መርፌ የሚመስል ነገር ወደ መሬት ያወርዳል፣ ፍሬው ከመሬት ውስጥ ነው የሚያድገው። ዋልካ ላይ ያ መርፌ መግቢያ ያጣል፤ ቢገባም ስትነቅለው ግማሹ መሬት ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። የኛን በእጅህ ሳብ ስታደርገው ከነፍሬው ይወጣል፣ አራግፈኸው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ዋልካ ላስመጣ ስትል ሳቅሁ።

ባዶ ቅርፊቱ ከካልሲየም እጥረት ነው። እንደ ሌላው ሰብል ከሥር ተስቦ በቅጠል አዙሮ አይመጣለትም፣ ቅርፊቱ ራሱ ከአጠገቡ ካለው አፈር ነው የሚጠጣው። ቅጠሉ አምሮ ፍሬው ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግራናይት ደግሞ በካልሲየም ድሃ ነው። ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ከድርቅ ጋር ከተገናኘ ይብሳል፣ ምክንያቱም ካልሲየሙ ያለ እርጥበት ወደ ቅርፊቱ አይገባም።

እኔ ጂፕሰም ነው የምበትነው፣ አበባው በብዛት ሲታይ፣ ከተክሉ ሥር ዙሪያ። ለሄክታር አራት ኩንታል፣ ላንተ አንድ ኩንታል ይበቃሃል።

የጉርሱሙ ልጅ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጂፕሰም ማለት ያው ለግድግዳ የሚለሰነው ጀሶ ነው? እሱማ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሞልቷል።

ሲቪሉ

አይደለም፣ ተጠንቀቅ! ጀሶ የተቃጠለ ጂፕሰም ነው። ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲመታው ማሳህን ቅርፊት ታለብሰዋለህ። የሚፈለገው ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው። ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚቀርበው ዓይነት።

አፈር ቆፋሪ

ልክ ነው። በዚያውም ላይ ኖራ ደግሞ ሌላ ነው። ኖራ አሲዳማነት ይቀንሳል፣ ጂፕሰም ግን ካልሲየም ይሰጣል እንጂ አሲዳማነቱን አይነካም። የእናንተ አካባቢ ዝናቡ እንደ ምዕራቡ ስላልሆነ አፈሩ አሲዳማ ላይሆን ይችላል፤ ፒኤች (የአሲዳማነት ልክ) ሳይለካ ኖራ አትበትን። ኤንፒኤስ ማዳበሪያም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ እንጂ ካልሲየም የለውም፣ «ማዳበሪያ አድርጌ ነበር» አትበል።

የጉርሱሙ ልጅ

ውጤቱ ይኸው። ጠርሙሱ ውስጥ የተኛው በጠቅላላ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሸዋው 8.5፣ ደለሉ 0.8፣ ሸክላው 0.7 ገደማ። አቼቶው ዝም፣ አንድ አረፋ የለም። ከዚያ ግር ብሎኝ ድሬዳዋ ካለው የአክስቴ ግቢ ያመጣሁት ነጭ ድንጋይ ላይ ጠብ ሳደርግበት ተንተከተከ።

ጉድጓዱ ነው የገረመኝ። እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ነው፣ ላይኛው አንድ ስንዝር ትንሽ ጠቆር ይላል። ከዚያ በታች ድንጋይ መሰለኝ፣ ዶማው ግን ገባ! መልኩ የቋጥኙ መልክ ነው፣ ነጩ፣ ጥቁሩ ነጠብጣብ ሁሉ ቦታው ላይ አለ፣ በእጄ ስጨብጠው ግን እንደ ደረቅ ድፎ ፍርፍር አለ። ነጩ ነጠብጣብ ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ተቀባ። ዝናብ ከቆመ አሥር ቀን ሆኖት እርጥብ ነው። የበቆሎ ሥር ግን እዚያ ደርሶ ወደ ጎን ታጥፏል፣ የገቡት ጥቂት ናቸው።

አፈር ቆፋሪ

ይሄ ጉድጓድ ከአሥር ላብራቶሪ ይበልጣል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 85 በመቶ አሸዋ የሆነ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ሰብል ሊጠቀምበት የሚችለው ውሃ 70 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥሩ ሸክላማ አፈር የዚህን እጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል። የበቆሎህ ሥር 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለታጠፈ ድርሻው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ሳይጨነቅ የሚወስደው ግማሹን፣ 15 ሚሊ ሜትር። ጸጉር ሊያወጣ የተቃረበ በቆሎ በቀን 5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ሦስት ቀን ማለት ነው፤ በአራተኛው ቅጠል መጠቅለሉ ይኸው ነው።

እርጥቡ የበሰበሰ ድንጋይ ደግሞ ጎተራህ ነው። ችግሩ ሥሩ መግቢያ ማጣቱ ነው። በቆሎ ከምታስገድደው ማሽላና እንደ እርግብ አተር ያለ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ነገር አፈራርቅበት። እኔ እንደሆንኩ በዚያ ማሳ ላይ በቆሎ አልዘራም።

ዩሪያውን ሦስት ቦታ ክፈለው፤ አንድ ቀን ሙሉ ከሚበላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንደሚበላ ሰው አድርገው። ለለውዙ ዩሪያ አያስፈልገውም፣ ናይትሮጅኑን ከአየር ራሱ ያመጣል። ፍግ ካለህ ደግሞ ማሳውን ሙሉ አትበትነው፣ በየጉድጓዱ እፍኝ እፍኝ አድርግ። አሸዋ ላይ ፍግ ቶሎ ይበላል፣ አንድ ጊዜ ብዙ ከማድረግ በየዓመቱ ጥቂት ይሻላል።

የጉርሱሙ ልጅ

የማሽላውን አገዳ መሬት ላይ ተወው እንዳትሉኝ፣ ለከብቱ ነው።

የባቢሌዋ

ማን ይልሃል! አገዳው ለከብቱ፣ የከብቱ ለመሬቱ። የለውዙን ቅርፊትም አታቃጥል፣ ከፍጉ ጋር አብላላው።

ሲቪሉ

ያንን ፍርፍር የሚል ድንጋይ እኛ መንገድ ሥራ ላይ እናውቀዋለን፣ አንዳንዴ ለሰሌክት (ለመንገድ መሙያ አፈር) ይፈለጋል። ለውሃ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። ጤነኛው ቋጥኝ ውሃ አያሳልፍም፣ የበሰበሰው ግን በላዩ እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ግራናይት አገር የእጅ ጉድጓድ ውሃ የሚገኘው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። ከማሳህ ሳይሆን ከታች ከሸለቆው አፍ ፈልግ፣ የበሰበሰው ንብርብር እዚያ ይወፍራል።

ቋጥኙስ ስንት ነው ስፋቱ?

የጉርሱሙ ልጅ

በእርምጃ 40 ሜትር በ25 ይሆናል።

ሲቪሉ

እሺ፣ 1,000 ካሬ። 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ዝናብ ከላዩ 20 ሜትር ኩብ ያፈሳል። ሩቡ ቢባክን እንኳ 15 ቀረ፣ በ200 ሊትር በርሜል 75 በርሜል በአንድ ዝናብ! ይሄ ሁሉ አሁን የት ነው የሚሄደው?

የጉርሱሙ ልጅ

በማሳው ቀኝ ጠርዝ ቦረቦር ሠርቶ ይወርዳል። አምና ጉልበቴ ድረስ ነበር፣ ዘንድሮ ወገቤ ጋ ደርሷል።

ከአውሮራ

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ተራሮቹ ብዙ ቦታ እንዲሁ በሚፈረፈር ቀላ ያለ ግራናይት የተሠሩ ናቸው። ቦረቦሩን አትናቀው። እዚህ 1996 ላይ ባፋሎ ክሪክ የሚባል ቦታ ደን ተቃጥሎ በሁለት ወር ውስጥ የጣለ ዝናብ ያንን ጠጠራማ አሸዋ ጠርጎ የዴንቨር ውሃ የሚያልፍበት ግድብ ውስጥ ከተተው። በ2002 ደግሞ ከዚያ በጣም የሚበልጠው የሄይማን ቃጠሎ መጣ። ሣርና ቅጠል ከላዩ እስካለ ድረስ ያ አፈር ውሃ እየጠጣ ይቀመጣል፣ ሲራቆት ግን የሚያያይዘው ሸክላ ስለሌለው እንደ ስኳር ይፈሳል። አንተም ከቋጥኙ ሥር ያለውን ሣር አታስግጥ፣ አታቃጥለውም።

ሸንተረር

ኩሬ ቆፍሮ 75 በርሜሉን ቢይዘውስ?

አፈር ቆፋሪ

አሸዋ ላይ ኩሬ? ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ምንጣፍ) ካላነጠፈ በማግስቱ ባዶ ነው። ይልቅ አፈሩን ራሱን ኩሬ ያድርገው። ከቋጥኙ ሥር ጀምሮ በድንጋይ እርከን ውሃውን ወደ ጎን እየመራ ማሳው ላይ ያሰራጨው፣ ከአሸዋው ወርዶ የበሰበሰው ድንጋይ ውስጥ ይገባል። የአፈር እርከን አትሥራ፣ አሸዋ ስለሆነ የመጀመሪያው ጎርፍ ይበጥሰዋል። ድንጋይ እንደሆነ አልቸገራችሁም። ቦረቦሩ ውስጥም በየጥቂት ሜትሩ ከታች ጀምረህ የድንጋይ ክትር ሥራ፤ ከኋላው የሚጠራቀመው ደለል ያ ያልኩህ የሄደብህ ዱቄት ነው፣ ሙዝ ትተክልበታለህ።

ጓሮ አትክልት

ጣልቃ ልግባ፦ ቲማቲም ካሰብክ ሥሩን ነቅለህ እየው። አሸዋ አፈርን የሥር ትል ይወደዋል፣ ሥሩን እንደ ዝንጅብል ያሳብጠዋል። የለውዝ ሥር ላይ የምታያቸው ትንንሽ ኳሶች ግን ጤና ናቸው፣ በጥፍርህ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው።

የጉርሱሙ ልጅ

ተግባባን። ዋልካው ቀርቷል፣ በዚያ ገንዘብ ድንጋይ የሚደረድሩ ሦስት ልጆች ቀጥሬ ከሰኞ ጀምሮ እርከኑን እንይዛለን። ጥሬ ጂፕሰም የሚያፈላልግልኝ ሰው ድሬዳዋ አለ። አባቴ ግን አሁንም «ፍግ እንጂ ዱቄት ድንጋይ የሚበላ መሬት አላየሁም» ይላል።

የባቢሌዋ

ትክክል ናቸው፣ ዓይናቸው ይይ። ጂፕሰሙን ስትበትን ከማሳው መሃል አራት መስመር ሳትነካ ተውላቸው፣ በእንጨት ምልክት አድርግ። ለውዙን ስትነቅል እሳቸው ራሳቸው ከሁለቱም ቦታ ሃያ ሃያ ቅርፊት ይቁጠሩ። ደግሞ መጨረሻው ላይ ድርቅ ከያዘው መሬት ውስጥ አታቆየው፤ የደረሰውን ቶሎ ነቅለህ በደንብ አድርቀው፣ ሻጋታው የሚገባው ያኔ ነው።